በረሃብ የሚሞቱ ኮራሎች፦ አስቸጋሪዎቹን የባሕር እንስሳት በቤት አኳሪየም እንዴት መመገብና መንከባከብ ይቻላል?

በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ የተቀመጠ ኮራል በአንድ ሌሊት ሲሞት እምብዛም አይታይም። ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ ቅርጹም ሳይለወጥ ለወራት በረሃብ ሊማቅቅ ይችላል። ባለቤቱ ችግር መኖሩን በሚረዳበት ጊዜ ሥጋው ከአጽሙ መሸሽ ጀምሯል፤ ብዙውን ጊዜም ለማዳን ዘግይቷል።

የባሕር ዓሣና ኮራል በሚሸጡ መደብሮች ውስጥ ዓይን ከሚስቡት መካከል ብርቱካናማ፣ ቢጫና ደማቅ ሮዝ ቀለም ያላቸው ኮራሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብርሃን እንደማያስፈልጋቸው ሲነገረው ገዢው እንክብካቤያቸው ቀላል ይመስለዋል። እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ብርሃን የማይፈልግ ኮራል ማለት ምግቡን በሙሉ ከሰው እጅ የሚጠብቅ ኮራል ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ኮራሉን በሕይወት የሚያቆየው ምግብ ሳይበላ ሲቀር ውኃውን ይበክላል፤ የተበከለ ውኃ ደግሞ ኮራሉን ይገድላል። እነዚህን እንስሳት የመንከባከብ ጥበብ በአብዛኛው የእነዚህን ሁለት ነገሮች ሚዛን የመጠበቅ ጥበብ ነው።

ለመሆኑ ኮራል ምን ይበላል?

ኮራል ሲያዩት ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። የጄሊፊሽ ዘመድ ሲሆን፣ ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ አካላት እርስ በርስ ተያይዘው የሚመሠርቱት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ ቀጫጭን ክንዶች አሉት። በክንዶቹ ላይ የሚገኙት ተናዳፊ ሕዋሳት በአጠገባቸው የሚያልፉትን ጥቃቅን እንስሳት ያደነዝዛሉ፤ ክንዶቹም የያዙትን ወደ አፍ ያደርሳሉ።

ሞቃት በሆኑ ጥልቀት የሌላቸው ባሕሮች የሚኖሩ አብዛኞቹ ሪፍ ገንቢ ኮራሎች ግን ሌላ የምግብ ምንጭም አላቸው። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ፎቶሲንተሲስ በተባለው ሂደት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውንም ሊያቀርቡ ይችላሉ። በምላሹ መጠለያና ከኮራሉ የሚወጣውን ተረፈ ምርት ያገኛሉ። እንዲህ ያለው ኮራል ጥሩ መብራትና ንጹሕ ውኃ ካገኘ፣ ባለቤቱ መመገብ ቢዘነጋ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

አስቸጋሪ የሚባሉት ኮራሎች ይህ መጠባበቂያ የሌላቸው ወይም መጠባበቂያው የማይበቃቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል በመደብሮች በብዛት የሚታዩትን ሦስቱን እንመልከት።

የፀሐይ ኮራል፦ አፍ ለአፍ የሚመገበው

በሳይንሳዊ ስሙ ቱባስትሪያ የሚባለው የፀሐይ ኮራል ስሙን ያገኘው ፀሐይ ከሚመስሉት ብርቱካናማና ቢጫ ፖሊፖቹ እንጂ ከፀሐይ ጋር ካለው ዝምድና አይደለም። በሥጋው ውስጥ አልጌ የለውም። በተፈጥሮ መኖሪያው ጥላ በሚበዛባቸው የዋሻ ጣሪያዎችና የድንጋይ ሥሮች ተጣብቆ ይገኛል፤ ክንዶቹን የሚዘረጋውም በአብዛኛው ፕላንክተን በውኃው ውስጥ በሚበዛበት በሌሊት ነው።

ከሦስቱ ውስጥ ሊሳካ የሚችለው የዚህ ኮራል እንክብካቤ ነው። የሚበላው ምግብ በዓይን የሚታይ፣ በየመደብሩም የሚገኝ ነው፤ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ ማይሲስ የተባለ ትንሽ ሽሪምፕ ወይም አርቴሚያ ይበቃዋል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ፖሊፕ የበላው ለጎረቤቱ እምብዛም ስለማይተርፍ እያንዳንዱ አፍ የየራሱን ድርሻ ማግኘት አለበት።

የአመጋገቡ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በረዶ የሆነውን ምግብ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ጥቂት ውኃ ውስጥ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ምግቡ የቀለጠበት ውኃ በፎስፌት የበለጸገ በመሆኑ በጥሩ ወንፊት አጥልሎ መድፋት ይገባል፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ውኃውን የሚያንቀሳቅሱት ፓምፖች ይጠፋሉ። የተቀመጠው ጠብታ በኮራሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ ሽታው ፖሊፖቹን ይቀሰቅሳል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ክንዶቻቸውን መዘርጋት ይጀምራሉ።

ፖሊፖቹ ሲከፈቱ በፒፔት ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ማይሲስ በቀስታ ማሳረፍ ነው። ምግቡን ወደ አፉ መግፋት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ፖሊፑን አስደንግጦ ሊያዘጋው ይችላል።

ዓሣዎችና ሽሪምፖች ምግቡን ከኮራሉ አፍ መንጠቅ ልማዳቸው ነው። ለዚህ ብዙ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው፦ የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል ቆርጦ በማንሳት እንደ ድንኳን ኮራሉ ላይ መድፋትና ምግቡን በአንገቱ በኩል ማስገባት። ፖሊፖቹ ውጠው እስኪጨርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ከዚያ ጠርሙሱ ይነሳል፣ የተረፈው ምግብ ይለቀማል፣ ፓምፖቹም ይበራሉ። ፓምፖቹን ጠፍተው እንዲቆዩ ማድረግ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ ለሌሎቹ እንስሳት አደገኛ ነው።

ይህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። 40 ፖሊፖች ያሉት መካከለኛ ኮራል፣ ለእያንዳንዱ ፖሊፕ ሁለት ፍሬ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሰጠው፣ በሳምንት 240 ፍሬ በእጅ ማድረስ ማለት ነው። ለጀማሪ ትልቅ ኮራል ከመግዛት አምስት ወይም ስድስት ፖሊፕ ካለው ትንሽ ቁራጭ መነሳት የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመደብር ውስጥ ለሳምንታት ሳይበላ የቆየ ኮራል መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። በዚህ ጊዜ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ብሂል ማስታወስ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ጥቂት የምግብ ሽታና በጣም ትናንሽ ምግቦችን ማቅረብ፣ ፖሊፖቹ ሰዓቱን እስኪለምዱ ድረስ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መቀጠልን ይጠይቃል። ከለመዱ በኋላ የመመገቢያውን ሰዓት ጥቂት በጥቂት ወደ ቀን ማምጣት ይቻላል።

ጎኒዮፖራ፦ ጤነኛ መስሎ የሚያታልለው

ጎኒዮፖራ ረጃጅም ፖሊፖቹን ሲዘረጋ በውኃ ውስጥ የበቀለ የአበባ እቅፍ ይመስላል። እያንዳንዱ ፖሊፕ 24 ክንዶች አሉት። በሥጋው ውስጥ አልጌ ስላለው መካከለኛ ብርሃን ይፈልጋል፤ ብርሃን ብቻውን ግን አይበቃውም።

ይህ ኮራል በአርቢዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን መጥፎ ስም ነበረው። ተገዝቶ ለወራት አምሮና አብቦ ይታያል፤ ከዚያ ፖሊፖቹ በየቀኑ እያጠሩ ይሄዱና በዓመት ውስጥ ይሞታል። ዛሬ ውጤቱ የተሻሻለው በቂና ተስማሚ ምግብ በመቅረቡ፣ የውኃውም ይዘት ይበልጥ በመረጋጋቱ፣ በእርባታ የተገኙ ቁራጮችም በገበያ ላይ በመብዛታቸው ነው።

የጎኒዮፖራ አፍ ትንሽ ነው። ማይሲስ ለመዋጥ ይከብደዋል። የሚስማማው የዱቄት መልክ ያለው የኮራል ምግብ፣ ሮቲፈር የተባሉ ደቃቅ እንስሳትና ፋይቶፕላንክተን ነው። ዱቄቱ በአኳሪየሙ ውኃ ተበጥብጦ፣ ፓምፖች ጠፍተው፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በፖሊፖቹ ላይ በስሱ ይረጫል። ፖሊፖቹ ሲዘረጉ ጎረቤቶቻቸውን ስለሚናደፉ ከሌሎች ኮራሎች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ አርቢዎች እንደ ብረትና ማንጋኒዝ ያሉ ማዕድናትን በውኃው ውስጥ ይጨምራሉ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ብዙ ጥፋትን ይከላከላል፦ መጠኑን መለካት የማይችሉትን ነገር ወደ ገንዳው አይጨምሩ።

ዴንድሮኔፍቲያ፦ የቀይ ባሕር ውበት

ከሦስቱ እጅግ ውቡም እጅግ አስቸጋሪውም ዴንድሮኔፍቲያ ነው። ጠንካራ አጽም የሌለው ለስላሳ ኮራል ሲሆን፣ አካሉን በውኃ ነፍቶ እንደ ቀይና ሐምራዊ ዛፍ ይቆማል። በቀይ ባሕር ጠላቂ ዋናተኞች በብዛት ከሚያደንቋቸው ፍጥረታት አንዱ ነው።

ይህ ኮራል ምን እንደሚበላ የተገለጸውም በቀይ ባሕር በተደረገ ጥናት ነው። ካታሪና ፋብሪሲየስ፣ ይሁዳ ቤናያሁ እና አማትዚያ ጌኒን የተባሉ ተመራማሪዎች በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያደረጉትን ምርምር በአውሮፓውያኑ 1995 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመዋል። እንደ ጥናታቸው ከሆነ አልጌ የሌለው ይህ ለስላሳ ኮራል ዋነኛ ምግቡ ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ናቸው። ኮራሎች በዋናነት ጥቃቅን እንስሳትን ያድናሉ ለሚለው አመለካከት ይህ አዲስ ግኝት ነበር።

ግኝቱ ኮራሉ በቤት ውስጥ ለምን እንደሚሞትም ያስረዳል። በባሕር ውስጥ የማያቋርጥ ሞገድ ቀንና ሌሊት አዲስ ምግብ ያመጣለታል። በአንድ ጊዜ የሚያገኘው ጥቂት ቢሆንም አይቋረጥም። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመገብ ዴንድሮኔፍቲያ ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ምግብ በሌለበት ውኃ ውስጥ ነው። አካሉ በሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል።

በሕይወት ለማቆየት የሚሞክሩ ጥቂት አርቢዎች ምግብን በኤሌክትሪክ ፓምፕ በየሰዓቱ ጠብ እያደረጉ፣ ብርቱ ሞገድ እየፈጠሩና ከፍተኛ መጠን ያለው ውኃ እያጣሩ ነው። እንደዚያም ሆኖ ብዙዎቹ አይሳካላቸውም። ይህን ሁሉ ለማሟላት ያልተዘጋጀ ሰው ኮራሉን ባይገዛ ይመረጣል።

ምግቡ ውኃውን እንዳይገድል

የኮራል ሪፍ ውኃ እንቆቅልሽ አለው። በውስጡ የሟሟ ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሕይወት ያለ ምግብ ሳያቋርጥ ይፈስበታል። ባሕር ይህን የሚያደርገው ስፋቱን ተማምኖ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ የቤት ገንዳ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ያልተበላ ምግብ ሲበሰብስ መጀመሪያ አሞኒያ ይፈጥራል። አሞኒያ መርዝ ነው። በገንዳው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። አስቸጋሪ ኮራሎችን ለማስገባት ደግሞ ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር እስኪሞላው መጠበቅ ይመከራል።

ለአብዛኞቹ የሪፍ ገንዳዎች እንደ መነሻ የሚወሰዱት ልኬቶች እነዚህ ናቸው። ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ጨዋማነት በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ያህል፤ ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4፤ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፤ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊ ግራም፤ የካርቦኔት መጠን በጀርመን መለኪያ ከ7 እስከ 11 ዲግሪ። አሞኒያ ዜሮ መሆን አለበት። ናይትሬት በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌትም ከ0.1 ሚሊ ግራም ባይበልጡ ይመረጣል።

ከቁጥሮቹ በላይ የሚጠቅመው ግን መረጋጋታቸው ነው። በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ሆኖ በየዕለቱ የሚዋዥቅ ውኃ፣ ከወሰኑ ትንሽ ወጣ ብሎ ከተረጋጋ ውኃ የበለጠ ኮራልን ይጎዳል።

ብዙ የሚመግብ ሰው ብዙ ማውጣትም አለበት። ለዚህም ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮቲን ስኪመር የተባለው፣ ቆሻሻን በአረፋ እየያዘ የሚያስወግድ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ ከውኃው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መቀየር ነው። ሦስተኛው ናይትሬትና ፎስፌትን የሚመገቡ ትላልቅ አልጌዎችን በተለየ ክፍል አሳድጎ እየከረከሙ መጣል ነው። ናይትሬት ሲጨምር የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ የኮራሉን ምግብ መቀነስ ነው፤ አልጌ ለሌለው ኮራል ግን ይህ የሞት ፍርድ ይሆናል። መጨመር ያለበት የሚቀየረው ውኃ መጠን ነው።

የቧንቧ ውኃን በቀጥታ መጠቀም አይገባም። ክሎሪን፣ ፎስፌት ወይም ከቧንቧው የሚመጣ መዳብ ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብ በትንሽ መጠንም ቢሆን ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ ከባሕር ጨው ጋር መቀላቀል አስተማማኙ መንገድ ነው። ከገንዳው የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው ባለመሆኑም፣ የጎደለውን ለመሙላት ጨው የሌለው የተጣራ ውኃ መጨመር ያስፈልጋል። እንደ ባሕረ ሰላጤው ባሉ ሞቃት አገራት ለሚኖሩ ደግሞ የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ በተበላሸበት ቀን የገንዳው ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ሊያሻቅብ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል።

ረሃብን በምን እናውቃለን?

የተራበ ኮራል ምልክት ያሳያል። በፀሐይ ኮራል ላይ በፖሊፖቹ መካከል ያለው ሥጋ እየሳሳ ነጭ አጽም ብቅ ይላል፤ በተራቆተው አጽም ላይም አልጌ ይበቅላል። የጎኒዮፖራ ፖሊፖች ከቀን ወደ ቀን ያጥራሉ፣ ከጠርዝ ያሉትም መከፈት ያቆማሉ። ዴንድሮኔፍቲያ አካሉን መንፋት ይሳነዋል።

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓትና ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሳት ዓይን የሚያልፈውን ለውጥ ለማየት ይረዳል። በአንጻሩ በሚገባ የተመገበ የፀሐይ ኮራል አዳዲስ ፖሊፖች ያወጣል፤ አንዳንዴም እጮቹ በገንዳው ድንጋይና መስታወት ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ።

ለቤተሰብ ጤና የሚያሰጋው መርዝ

ኮራል በሚገኝበት ቤት ሁሉ ሊታወቅ የሚገባ አደጋ አለ። በቀላሉ የሚያድጉና በብዙ ገንዳዎች የሚገኙ ፓሊቶዋና ዞአንቱስ የተባሉ የኮራል ዘመዶች አንዳንድ ዝርያዎቻቸው ፓሊቶክሲን የተሰኘ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። ይህ መርዝ በቁስል፣ በዓይን ወይም በእንፋሎት መልክ በመተንፈስ ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል።

በአውሮፓውያኑ 2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር የአንድ ቤተሰብ አባላት አኳሪየም ካጸዱ በኋላ ታመው፣ ለእርዳታ ከደረሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ሆስፒታል ገብተዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም በአላስካ ግዛት ከ2012 እስከ 2014 ያጋጠሙ ተመሳሳይ ክስተቶችን መዝግቧል።

ስለዚህ ኮራል ያለበትን ድንጋይ ማፍላት፣ በሙቅ ውኃ ማጠብ ወይም ከውኃ ውጭ በብሩሽ መፈግፈግ ፈጽሞ አይገባም። ገንዳ ሲነካ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ሕፃናትን ማራቅ፣ የምግብ ዕቃ አለመጠቀም ያስፈልጋል። ከጽዳት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም ወይም በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከተሰማ ከክፍሉ ወጥቶ አስቸኳይ ሕክምና መሻት፣ ለሐኪሙም ስለ ኮራሉ መንገር ተገቢ ነው። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም።

ከየት መጣ፤ ወዴትስ ይሄዳል?

የፀሐይ ኮራልና ጎኒዮፖራን ጨምሮ ጠንካራ አጽም ያላቸው ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ከአገር ወደ አገር ለማጓጓዝ የፈቃድ ሰነድ ያስፈልጋል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ለመዝናናት የሄደ ሰው ከባሕር ያነሳውን ቁራጭ በሻንጣው ይዞ ቢጓዝ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

የሚመረጠው በእርባታ የተገኘ ቁራጭ መግዛት ነው። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በዓለም ለአራተኛ ጊዜ ሰፊ የኮራል ንጣት መከሰቱን አስታውቋል። በባሕር ሙቀት እየተጎዱ ካሉ ሪፎች ተነቅሎ በመስታወት ገንዳ ውስጥ በረሃብ የሚሞት ኮራል ለሪፉ ተጨማሪ ኪሳራ ነው።

የማይፈለግ ኮራልን ወደ ባሕር መልቀቅም መፍትሔ አይደለም። መነሻው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች የሆነው የፀሐይ ኮራል በካሪቢያን ባሕርና በብራዚል ጠረፍ ወራሪ ዝርያ ሆኖ የአካባቢውን ፍጥረታት እያፈናቀለ ነው።

በሰው እጅ የሚደረግ እርባታ ግን ለሪፎችም ተስፋ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። በለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም በጄሚ ክራግስ መሪነት በ2013 የባሕሩን የወቅት ሙቀትና የጨረቃ ብርሃን በገንዳ ውስጥ በመምሰል ኮራሎች እንዲራቡ ማድረግ ችሏል።

ከመግዛት በፊት

አስቸጋሪ ኮራል ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ገንዳዬ ስድስት ወር ሞልቶታል? የውኃውን ይዘት በየሳምንቱ እለካለሁ? በሳምንት ሦስት ምሽቶች አንድ አንድ ሰዓት አለኝ? ሻጩ ኮራሉን እፊቴ ሲመግብ ፖሊፖቹ ይከፈታሉ?

አራት ሳምንት ለሚቆይ የአገር ቤት ጉዞ ለሚነሳ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ማን ይመግበዋል? ለዓሣ የሚሠራው ራሱን ችሎ ምግብ የሚበትን መሣሪያ ለእያንዳንዱ ፖሊፕ ድርሻውን አያደርስም። ከጉዞው በፊት አደራ የሚቀበለውን ሰው ጠርቶ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሮ መመገብና የእያንዳንዱን ቀን ምግብ መጥኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለሌለው ሰው ሌዘር ኮራልና መሽሩም ኮራል የተባሉት፣ ከመብራት ብዙ ምግብ የሚያገኙት ዝርያዎች የተሻለ መነሻ ናቸው። የፀሐይ ኮራሉ እጅ ሲፈታና ጊዜ ሲገኝ ይደርሳል።